ወደ ሞላው መጋዘን

አባቴ ሐውልት መሆን ይችል ነበር።

የሌሎች ልጆች አባቶችም የየራሳቸው ችሎታ ነበራቸው። የአንዷ አባት ጆሮውን ያንቀሳቅሳል፤ የሌላዋ በአፉ የባቡር ድምፅ ያወጣል። የእኔ አባት ግን ማታ ሰው ሆኖ ይተኛና ጠዋት ሐውልት ሆኖ ይነቃል። በጀርባው ተንጋሎ፣ እጆቹን በግራና በቀኙ ዘርግቶ፣ ዓይኑን ብቻ ወደ እኔ ያዞርና «ነይ፣ ዛሬ ሐውልት ነኝ» ይለኛል።

ሕጉን ያወጣው ራሱ ነው። ሐውልት ማውራት ይችላል፤ ከአንገቱ በታች መንቀሳቀስ ግን ክልክል ነው። የእኔ ድርሻ ዝንብ መከላከል ነበር፤ ሐውልት ዝንብ አያባርርምና። አልጋው ጠርዝ ላይ እቀመጥና ግንባሩን በአሮጌ ፎጣ እጠብቃለሁ። ጨዋታው የሚያልቀው የእግሩ አውራ ጣት ስትንቀሳቀስ ነው። እሷን ቶሎ ለማስነሳት ውስጥ እግሩን እኮረኩረዋለሁ። ፊቱ ይስቃል፤ እግሩ ንቅንቅ አይልም። እኔ ስኮረኮር ግድግዳ የምደበድብ ልጅ ስለነበርኩ በአባቴ ጽናት እደነቅ ነበር።

የመጨረሻው ሕግ ለማንም አለመናገር ነው። «ሰው ከሰማ አደባባይ ወስዶ ያቆመኛል» ይለኛል። «ወፍ ራሴ ላይ ሲቀመጥ ደስ ይልሻል?» ደስ አይለኝም። ስለዚህ አፌን ቆልፌ ያዝኩ።

ዛሬ እኔም እናት ነኝ፤ ያውም ልጅ ባሳለ ቁጥር ሐኪም ቤት ልሮጥ ጫማዬን የምፈልግ እናት። አንድ ሰው ጠዋት ነቅቶ አካሉ አልታዘዝ ሲለው፣ ተመልሶ ይነሳ አይነሳ ሳያውቅ፣ በሩን ከፍታ የምትገባ ልጁ እንዳትደነግጥ ብሎ ሕግ ያለው ጨዋታ ሲፈጥር አስበዋለሁ። እንዲህ ያለ ልብ ከየት እንዳመጣ ግን እስካሁን አላውቅም።

አባቴ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ባለው የእህል መጋዘን ጫኝና አውራጅ ነበር። እማዬ ምሳውን ስታደርስለት ይዛኝ ትሄዳለች። ከአጥሩ ውጭ ቆመን በሽቦው ቀዳዳ እናያለን። ከባቡሩ ፉርጎ ደጃፍ እስከ መጋዘኑ አፍ ድረስ ሽቅብ የተጋደመ ወፍራም ሳንቃ አለ። ጫኞቹ ጆንያቸውን ማጅራታቸው ላይ አድርገው በሰልፍ ይወጡበታል፤ ሳንቃው ከእርምጃቸው ጋር ይረግባል፣ ይነሳል። አንዱ ከምቱ ከወጣ ከኋላው ያለው ይንገዳገዳል። መጋዘኑ እስከ ጣሪያው ሞልቶ እንኳ ገና ያስገባሉ። የእህል አቧራው ቅንድባቸውን ስለሚያነጣው ሁሉም ሽማግሌ ይመስላሉ፤ አባቴን የምለየው በትከሻው ነው። ባልደረቦቹ «ክሬኑ» ይሉታል።

አለቃቸው ካቦ ነበር፤ ሌላ ስም ሲጠራበት ሰምቼ አላውቅም። አንገት የሌለው፣ ሲናገር የሚቆጣ የሚመስል፣ ሲቆጣ ደግሞ ድምፁ የሚጠፋ ሰው ነው። ከአባቴ ፊት የሚሰለፈው ቀጭን ሰው ሬዲዮ ይባላል፤ ኩንታል ተሸክሞም ወሬ አያቋርጥም።

በዚያ ዓመት አባቴ እንደ ጉድ ይበላ ነበር። የቀረበለትን ጨርሶ ወደ ድስቱ ያያል። እየበላ ግን ይከሳል። ቀበቶው ላይ በምስማር አዲስ ቀዳዳ በሳ። ሰው ሁሉ ሲበርደው እሱ ብርድ ልብሱን ይገፋል። ሻይ ሲይዝ ማንኪያዋ ብርጭቆው ውስጥ ብቻዋን ትንቃጨላለች። ደረቱ ላይ ጆሮዬን ስለጥፍ ልቡ ከሰው የሚሸሽ ሌባ ይመስል ይሮጣል። ጉልበት በዝቶበት ነው ብዬ አመንኩ፤ የጭነት መኪናም ቆሞ ሳለ ይንቀጠቀጣልና።

አክስቴ፣ የአባቴ ታላቅ እህት፣ እሁድ እሁድ እየመጣች ወንድሟን ከላይ እስከ ታች ታየዋለች። ከዚያ ወደ እማዬ ትዞራለች።

«ወንድሜን ምን እያበላሽው ነው?»

«ያገኘሁትን ሁሉ፣ እትዬ።»

«ታዲያ የት ገባ? የሱን የሚበላለት ጎረቤት አለ?»

አክስቴ ብስኩትና ማርማላታ ከቦርሳዋ እያወጣች ጠረጴዛው ላይ ትደረድራለች፤ እያንዳንዷ ጠርሙስ ስትቀመጥ ጠረጴዛውን ጠበቅ አድርጋ ትመታዋለች። እማዬ ከዚያ ወዲህ ከራሷ ሳህን ወደ እሱ ሳህን መገልበጥ ጀመረች። እኔም ጎበዝ ልጅ ነበርኩና ከዳቦዬ ስኳር የተቀባውን ጎን እቆርስለታለሁ።

ትልቁ ማዕድ እሁድ ነው። ቅዳሜ ቀኑን ሙሉ ጆንያ ሲያወጣ ይውላል፤ እሁድ ያርፋል፣ ይበላል፤ ሐውልት የሚሆነውም ሰኞ ጠዋት ነው። ከሰዓት በኋላ መጀመሪያ ጣቱ፣ ቀጥሎ ጉልበቱ እየተመለሰለት ይነሳል። አንድ ጊዜ እንደተነሳ እማዬ እየጎተተች ጤና ጣቢያ ወስዳው ነበር። እዚያ ያገኙት ሰው ጉልበቱን በመዶሻ መታ መታ አድርጎ፣ በእግሩ መጥቶ እግሬ እምቢ አለኝ የሚል በሽተኛ ሲያይ የመጀመሪያው እንደሆነ ነግሮ መለሳቸው። ከዚያ በኋላ እንሂድ ስትለው «ሄጄ ምን ልበል? ጠዋት ሞቼ ነበር ልበል?» እያለ ሊያስቃት ይሞክራል። እሷ ግን አትስቅም።

ለካቦ እንንገረው ስትለውም እምቢ አለ። ይህን የሰማሁት ከመጋረጃው ወዲያ ቁጭ ብዬ አሻንጉሊት ሳለብስ ነው። ሰካራም እንኳ አንድ ቀን ይተዋል ተብሎ ይታለፋል፤ ሳንቃ ላይ እግሩ የሚከዳውን ሰው ግን ከኋላው ማን ይቆማል፣ አላት። እኔ ከአባቴ ኋላ መቆም ምን እንደሚያስፈራ አልገባኝም። ከሁሉም የሚሰፋ ትከሻ ስላለው ከኋላው ያለ ሰው ምንም አያይም፣ እሱ ይሆናል አልኩ።

አንድ ቅዳሜ አመሻሹ ላይ ሬዲዮ ቤታችን መጣ። ለወትሮው ገና ከበር ጀምሮ የሚያወራው ሰው ሻዩን እስኪጨርስ ዝም አለ። ከዚያ ካቦ ያለውን ተናገረ። ሰኞ ሰኞ የሚጠፋ ሰው የመጠጥ ሰው ነው ብሏል። የፊታችን ሰኞ ፉርጎዎቹ በብዛት ይገባሉ፤ ክሬኑ ያን ቀን ካልተገኘ ቦታውን ለሌላ ይሰጣል። በየጠዋቱ በሩ ላይ ቦታ የሚጠብቅ ሰው ሞልቷል።

«እኔ እንደሆነ መጠጥ እንደማትቀምስ ነግሬዋለሁ» አለ ሬዲዮ። «እሱ ግን ‹ታዲያ ምን ነካው?› ሲለኝ መልስ የለኝም። አንተስ አለህ?»

አባቴ መሬት መሬቱን አየ። እኔ በበኩሌ ደስ አለኝ። ቦታው ለሌላ ከተሰጠ ሰኞ ብቻ ሳይሆን በየቀኑ ሐውልት መሆን ይችላል ማለት ነው። እማዬ ፊቷ ለምን እንደዚያ እንደገረጣ ገርሞኝ ነበር። ያ ቦታ የቤታችን ምሰሶ እንደሆነ፣ ሌላ ሥራ የማያውቅ ሰው ከዚያ ሳንቃ ከወረደ ወዴት እንደሚወጣ እንደማይታወቅ ያን ጊዜ ማን ይንገረኝ?

እማዬ እሁድን ለጦርነት እንደሚዘጋጅ ሰው አሳለፈችው። ባሏ ሰኞ እንዲነሳ በራሷ ጉልበት ልታደርግ የምትችለው አንድ ነገር ነበር፤ እሱን አደረገች። ድንች ቀቀለች፣ ማካሮኒ ሠራች፣ ትኩስ ዳቦ አስመጣች። የአክስቴን ማርማላታ እስከ ታች ጠረገችው። አባቴ በቃኝ ሲል «አፈር ስሆን፣ ይቺን ብቻ» ትለዋለች። እሱም ስለሷ ሲል ይጎርሳል። ሻዩን ሳቀርብ እኔም ዞር ብለው ሳያዩኝ ሁለተኛ ስኳር ጨመርኩበት። ቀና ብሎ አየኝና አንድ ዓይኑን ጨፈነልኝ። ቤቱ ሞቆ ነበር። አክስቴ እንኳ ያን ቀን ስትወጣ እማዬን ጉንጯን ሳመቻት።

ሰኞ ጠዋት አባቴ ከዚያ በፊት ሆኖት የማያውቀውን ዓይነት ሐውልት ሆነ። ለወትሮው የእጁን ጣቶች ትንሽ ማጠፍ ይችላል፤ ያን ቀን እሷም የለችም። ፎጣዬን ይዤ ቦታዬን ያዝኩ። እማዬ ግን በጉልበቷ ተንበርክካ እግሮቹን ታሻለች፣ ትለምናቸዋለች። እግርን እንደ ልጅ እያባበለች። አባቴ «ዝንቧን» አለኝ። ሌላ ጊዜ ሁለት ሦስት ቃል ይጨምርበታል፤ ያን ጠዋት ለአንዲቷም ትንፋሹን ሰብስቦ ነው።

በሩ ሳይንኳኳ ተከፈተ። ካቦ ነው፤ ከኋላው ሬዲዮና ሌሎች ጫኞች በሩን ሞልተውታል። ካቦ ማንንም ሰላም ሳይል አልጋው ድረስ ሄደ። ጎንበስ ብሎ የአባቴን አፍ አሸተተ። ግራ የገባው መሰለ። ደግሞ አሸተተ።

«ተነሳ» አለው፤ ድምፁ ጠፍቷል።

«ካቦ፣ አልችልም» አለ አባቴ።

እዚህ ላይ ጨዋታውን እንዳያበላሸው ፈራሁ። ስለዚህ ሕጉን አስረዳሁት። ማናገር ይፈቀዳል አልኩት፤ ማንቀሳቀስ ግን አይፈቀድም፤ ጣቱ ራሷ እስክትንቀሳቀስ መጠበቅ ነው። ካቦ እኔን አየ፣ ፎጣዬን አየ። ከዚያ የአባቴን ክንድ አንስቶ ለቀቀው። ክንዱ አልጋው ላይ ወደቀ። እግሩን አንስቶ ለቀቀ። እግሩ ጆንያ ከትከሻ ሲጣል የሚያወጣውን ድምፅ አወጣ። ካቦ በሕይወቱ ብዙ ጆንያ ሲወድቅ ሰምቷል፤ ያን ድምፅ ሲሰማ ፊቱ ተለወጠ።

«ደረቴ ላይ የተቀመጠ ሰው ያለ ይመስለኛል» አለ አባቴ።

ካቦ ዞሮ «ጋሪ» አለ። ሬዲዮ ሮጠ።

ከዚያ በኋላ የሆነው በልጅነቴ ካየሁት ሁሉ ትልቁ ክብር ነበር። አባቴን ከነፍራሹ አንስተው በመጋዘኑ የእጅ ጋሪ ላይ አስተኙት። በየጎኑ ጫኞች፣ ከፊት ካቦ ራሱ እየጎተተ፣ ከኋላ እማዬ ነጠላ ጫማዋ እየወለቀ። ምስጢሩ ወጣ ማለት ነው፤ አባቴን ወደ አደባባይ ሊያቆሙት ነው። መጀመሪያ ልቅሶ መጣብኝ፤ የሰዉን ብዛት ሳይ ግን ኩራት አሸነፈኝ። ፊት ለፊት ሮጬ መንገድ አስለቅቅ ጀመር። ሰዉ ዳር ይይዛል፣ ባርኔጣውን ያወልቃል፤ አንድ ፀጉር ቆራጭ መቀሱን እንደያዘ ከሱቁ ወጥቶ ራሱን ዝቅ አደረገ። እኔም ራሴን ዝቅ እያደረግሁ መለስኩላቸው።

ሰዉ የሚሞት ሰው ሊያሳልፍ መቆሙን ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። ሬዲዮ መንገዱን ሙሉ ያወራ እንደነበር አስታውሳለሁ፤ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ፉርጎው፣ ስለ አንድ ሰነፍ በቅሎ። አባቴ እንዲመልስለት እየጠየቀው ነበር። እስትንፋሱን የሚያዳምጠው በዚያ ነበርና።

ሐኪም ቤቱ አደባባዩን አልፎ ነው። አደባባዩን ስናልፍ ባለመቆማችን ቅር አለኝ።

ሐኪሟ ወጣት ነች፤ ፀጉሯን በእርሳስ ጠቅልላ ይዛዋለች። የአባቴ ደረት ላይ ቀዝቃዛ ገመዶች ለጠፉና ማሽኑ የልቡን ተራራ በወረቀት ላይ ማውጣት ጀመረ። ተራራውን ስታይ ግንባሯ ተቋጠረ። ደም ወሰደች፣ አንገቱን ዳበሰች፣ የእጁን ሥር ይዛ የልቡን ሩጫ ቆጠረች። ከዚያ ወደ እማዬ ዞራ ትናንት ምን በላ አለች።

ይሄኔ አክስቴም ደርሳለች። እማዬ ይህን ጥያቄ ለብዙ ወራት ስትጠብቀው የኖረች ይመስል ቀና አለች። ድንቹን ተናገረች፣ ማካሮኒውን፣ ዳቦውን፣ ማርማላታውን። የጎደለ እንደሌለ ትመሰክርላት ዘንድ አክስቴን እያየች ነው የምትናገረው። ሻዩን ስትጠራ ሁለተኛ ስኳር ያለበት መሆኑን እኔ ጨመርኩበት፤ የእኔም ድርሻ እንዲታወቅ።

ሐኪሟ አላቋረጠችንም። ስንጨርስ እማዬን ክንዷን ይዛ ወንበር ላይ አስቀመጠቻት።

«እናቴ፣ እርስዎ ምንም አላጠፉም» አለቻት። «ግን የጣለው ይሄ ነው።»

እማዬ አልገባትም። እኔም አልገባኝም። ዳቦ ሰው ይጥላል?

አንዲት ነርስ በትንሽ ብርጭቆ መድኃኒት አመጣች። እማዬ በማንኪያ ስታጠጣው አባቴ ፊቱን አኮማተረ። ቀምሼ ነበር፤ ምላስ ያሳክካል፣ እንደ ጨውም እንደ ብረትም ያደርገዋል። ጨዋታው ሲጋለጥ የሚሰጥ ቅጣት ነው ብዬ አዘንኩለት። መድኃኒቱ ፖታሲየም ይባላል። ያን ቀን ከሞት ያተረፈው እሱ ነው።

ካቦ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ባርኔጣውን በእጁ እያዞረ ሐኪሟን ጠየቃት።

«ዶክተር፣ አንድ ነገር ይንገሩኝ። ይሄ ሰውዬ ሰነፍ ነው ወይስ በሽተኛ?»

ሐኪሟ አቧራ የለበሱትን ትከሻዎቻቸውን አየች።

«እናንተ የት ነው የምትሠሩት?»

«የእህል መጋዘን።»

«እንግዲያው ገላችን በብዙ ትናንሽ መጋዘኖች የተሠራ ነው እንበል» አለች። «ሴል ይባላሉ። እያንዳንዱ ግድግዳ አለው፤ ግድግዳው ላይ ተሸካሚዎች አሉ። አንዱን ዓይነት ጨው ወደ ውጭ ያወጣሉ፣ ሌላውን ዓይነት ወደ ውስጥ ያስገባሉ። ቀንም ሌሊትም። አሁን የሚጠጣው የሚገባው ዓይነት ነው።»

«ወደ ባዶው ነው የሚያስገቡት?»

«ወደ ሞላው። ውስጡ ሞልቶ ሳለ ነው የሚያስገቡት፤ ስለዚህ ጉልበት ይፈልጋል።»

ካቦ ራሱን ነቀነቀ። ወደ ሞላ መጋዘን ማስገባት ምን እንደሆነ የሚነገረው ሰው አልነበረም። «ቁልቁለቱንማ ጆንያም ብቻውን ይወርዳል» አለ። «ታዲያ የሱ ተሸካሚዎች ሰነፉ?»

«የለም። አበዙት። አንገቱ ላይ ያለች ዕጢ አብጣ ‹ቶሎ፣ ቶሎ› እያለች ትነዳቸዋለች። ከከባድ ሥራ በኋላ ሲያርፍና ብዙ ጣፋጭ፣ ብዙ ዳቦ ሲበላ ደግሞ ይብስባቸዋል። ደሙ ውስጥ መቅረት የነበረበትን ጨው አንድ ላይ ወደ ጡንቻዎቹ ያስገቡታል። ውጭ የሚቀረው ሲያንስ ጡንቻው ትእዛዝ አይሰማም። እግሩን ተነሳ ይለዋል፤ እግሩ ግን አይሰማውም።»

ካቦ ባርኔጣውን ማዞር ተወ።

«ስለዚህ እሱ ተኝቶ ሳለ ውስጡ ትርፍ ሰዓት ይሠራ ነበር ማለት ነው» አለ።

ሐኪሟ ሳቀች። አዎ፣ እንደዚያ ማለት ነው አለች። ካቦ አልሳቀም። ባርኔጣውን ደፍቶ፣ ስለ ቦታው አንድ ቃል ሳይናገር ወጣ። ሰዎቹም ተከትለውት ወጡ። አክስቴ ስለ ቦታው እማዬን በዓይኗ ጠየቀቻት፤ እማዬ ራሷን ግራና ቀኝ ወዘወዘች። ፉርጎዎቹ መግባታቸው አልቀረም፤ በሩ ላይ ቦታ የሚጠብቁትም አሉ።

እኔ ሌላ ሐሳብ ይዞኝ ነበር። አልጋው ላይ ወጥቼ የአባቴ ጆሮ ውስጥ አየሁ። ጨለማ ነው። ተሸካሚዎቹ ግን እዚያ አሉ፤ ትናንሽ፣ ቅንድባቸው የነጣ፣ ጆንያቸው የጤፍ ፍሬ የማያክል። «በቃችሁ፣ እረፉ» አልኳቸው በጆሮው። ከሰዓት በኋላ አውራ ጣቱ ስትንቀሳቀስ የሰሙኝ መሰለኝ።

ፊደል የቆጠርኩት ልጆቼ ትምህርት ቤት ከገቡ በኋላ ነው። ከሥራ መልስ ጎልማሶች በሚማሩበት ክፍል፣ ከእኔ በላይ ሽበት ካላቸው ሰዎች ጋር ተቀምጬ። አንድ ቀን በልጄ የሳይንስ መጽሐፍ ላይ የሴልን ሥዕል አገኘሁና ከሥሩ የተጻፈውን በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩ። ሥዕሉ ላይ ሰው የለም። የሴሉ ሽፋን ውስጥ የተሰካ ድብልብል ነገር ነው፤ በአንድ በኩል ይከፈታል፣ ይይዛል፣ ይዘጋል፣ በሌላው በኩል ይለቃል። መጀመሪያ ቅር አለኝ። ቀጥሎ ግን ያነበብኩትን ደግሜ አነበብኩት። ካቦ የለውም፤ ፉጨት የሚነፋለት የለም፤ እኛ ስንተኛ አይተኛም። ከምንበላው ቀላል የማይባለውን የሚበላው እሱ ነው። ከጥቂቱ አንስቶ ወደ ብዙው ይሸከማል፤ ሳንቃው ለሱ ሁልጊዜ ሽቅብ ነው። ልቤ የሚመታው፣ ይህን መስመር የሚከተለው ጣቴ የሚታዘዘኝ እሱ ስለማይቆም ነው። ልጄ መጥታ ምን ሆነሽ እማዬ አለችኝ። ምንም አልኳት፤ የሚሠራ ሰው አይቼ ነው።

ያን ጊዜ አባቴ ከሐኪም ቤት ወደ ቤት ሲመለስ ዕጢዋን የሚያረጋጋ ክኒን ተሰጠው። ከክኒኑ የሚከብደው ትእዛዝ ግን ለእማዬ የተሰጠው ነው፤ በትንሽ በትንሹ እንጂ በአንድ ጊዜ ብዙ እንዳይበላ፣ ጣፋጭ እንዳይቀምስ። የገባን ቀን እማዬ ስኳሩን ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፋ፣ ቁልፉን እንደያዘች መሬት ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። ስኳር ከዚያ ወዲያ ስለማናገኝ መሰለኝና እኔም አብሬ አለቀስኩ።

«በእጄ ነው የጣልኩህ» አለችው።

አባቴ ከአልጋው እየተደገፈ መጥቶ አጠገቧ ተቀመጠ።

«እንግዲያው በእጅሽ አንሺኝ» አላት። «ቀንሰሽ ስጪኝ።»

ቀነሰች። እኔ ልጆቼን ማንኪያ ይዤ ቤቱን ሙሉ የማሳድድ ሴት ስለሆንኩ ያ ምን ያህል እንደሚከብድ አውቃለሁ። ሳህኑን ግማሽ ታደርገዋለች፤ ጭልፋው ተመልሶ ወደ ድስቱ ይሄዳል፤ እጇ አየር ላይ ይቆማል፤ ታስቀምጠዋለች። አክስቴ የሚቀጥለው እሁድ ባዶ እጇን መጣች፤ እጆቿን የት እንደምታስቀምጣቸው ጠፍቷት ጭኖቿ ላይ ስታገላብጣቸው ዋለች። ስትሄድ ለእማዬ «ልጄ፣ አንቺ እኮ አብልተሽዋል» አለቻት። ሌላ ይቅርታ አልጠየቀችም፤ እማዬ ግን ከዚያ ወዲህ ስሟን ስታነሳ ድምፅዋ ይለሰልስ ነበር።

ሰኞዎች አለፉ። አባቴ በእግሩ የሚነሳባቸው ሰኞዎች። ልቡ መሮጥ ትቶ መራመድ ጀመረ። ከመጋዘኑ ማንም አልመጣም፤ ሬዲዮ እንኳ። እማዬ ቦታው ሄዷል ብላ ቆረጠች፤ አባቴም ስለ ቦታው ማንሳት ተወ። ሐኪሟ ቀስ እያልክ ሥራ ጀምር ባለችው ማግስት ግን ተነስቶ የሥራ ልብሱን ለበሰ። ልጠይቅ አላት፤ እምቢ ቢሉኝም ከራሳቸው አፍ ልስማው። እማዬ እጄን ይዛ ከኋላው ተከተለችው። አጥሩ ጋ ስንደርስ እሱ በበሩ ገባ፤ እኛ ሽቦው ጋ ቀረን።

በሩ ላይ ቦታ የሚጠብቁ ሰዎች እንደተለመደው ተኮልኩለው ነበር። ሳንቃው ላይ ሰልፉ እየወጣ ነው። ሬዲዮ አለ፤ ከሱ ኋላ ግን ማንም የለም፤ አንድ ሰው የሚያህል ባዶ፣ ከዚያ ቀጣዩ ሰው። ጥርሴ የወለቀበትን ቦታ ይመስላል። ምን ዓይነት ሰነፎች ናቸው፣ እስካሁን ሰልፍ አልተማሩም አልኩ በልቤ። እማዬ ግን ባዶውን ስታይ እጄን ይበልጥ ጨመደደችው። ጫኞች አንድ ሰው ሲጎድል ወዲያው ይጠጋጋሉ፤ ባዶ ቦታ ምቱን ያፈርሰዋል፣ ሳንቃው በተሳሳተ ጊዜ ይነሳና ከኋላ ያለውን ይጥለዋል። እነሱ ያን ሁሉ ጊዜ ባዶውን ይዘው፣ በሌለ ሰው እርምጃ ልክ እየረገጡ ሲወጡ ከረሙ። በሩ ላይ ለቆሙትም ካቦ በየጠዋቱ ሰው ሞልቷል ይላቸው ነበር። ይህን ሬዲዮ የነገረን ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። ቤታችን ያልመጣበትንም ምክንያት ያኔ ነገረን፤ ካቦ ከልክሎት ነበር። ወሬኛ ከሄደ ሰውየው ሳይድን ተነስቶ ይመጣል ብሎ።

ካቦ አባቴን አየው። እንዴት ሰነበትክ አላለውም።

«ማንን ነው የምትጠብቀው?» አለው። «ግባ እንጂ።»

አባቴ ባዶው ቦታ ውስጥ ገባ። ፉርጎው ውስጥ የቆመው ጫኝ ከጥግ አንድ ጆንያ ጎትቶ ማጅራቱ ላይ አደረገለት። ግማሽ ጆንያ ነበር። አፉ ዝቅ ብሎ በወፍራም ክር የተሰፋ፣ ከሌሎቹ ጎን ሲታይ ልጅ የሚመስል። ፊቴ ጋለ። ክሬኑ በሰው ሁሉ ፊት ግማሽ ጆንያ ተሸከመ። ማንም እንዳላየ ለማረጋገጥ ዙሪያዬን ቃኘሁ።

ስፌቱ አሮጌ ነበር። ክሩ አቧራ ጠጥቶ ጠቁሯል። ያን ጆንያ ከፍለው፣ ሰፍተው፣ ጥግ ያቆሙለት ያን ቀን አልነበረም። ይህን ያየችው እማዬ ናት።

ሰልፉ ተንቀሳቀሰ። ሳንቃው ረገበ፣ ተነሳ። ሬዲዮ ወሬውን ከሆነ ቦታ ላይ ጀመረ። አባቴ ከሱ ኋላ፣ ሌላው ሰው ከአባቴ ኋላ፣ ሽቅብ ወደ ሞላው መጋዘን ወጡ። እማዬ ከቤት ጀምራ ጨምድዳ ይዛው የነበረውን እጄን ያኔ ለቀቀችው፤ ደሙ ወደ ጣቶቼ ሲመለስ ቆንጠጥ ቆንጠጥ እያደረገኝ፣ ለምን ፊቷን በሁለት እጆቿ ሸፍና እንደምትስቅ ልጠይቃት ቀና ብዬ አየኋት።